ጥርሳሙ ስሙኒ

እትዬ ተዋበች፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እንደምን ነሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጬ አርባ ዓመት የሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ስጽፍ ሰላምታ ዘልዬ አላውቅም። ለአንቺ ግን እጄ እምቢ አለኝ። መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁ መጠየቁ ከበደኝ። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ። ደህና ነኝ። ብቻዬን ነኝ። ዓይኔ ደክሟል።

ፊደሉን እንዲህ ያገዘፍኩት በዓይኔ ምክንያት ነው። የቀኙን ሞራ ጋርዶታል፤ የግራውም እየተከተለው ነው። ደብረ ብርሃን ያሉት ሐኪሞች ይገፈፋል ብለው ቀጥረውኛል። እስከዚያው መንገዱን በእግሬ፣ ሰውን በድምፁ፣ ገንዘብን በአውራ ጣቴ ነው የምለየው። የመጨረሻውን ከአንቺ ነው የተማርኩት። ሳላመሰግንሽ የቀረሁባቸው ነገሮች ብዙ ናቸውና ከዚህ ልጀምር።

በቤታችን የተለወጠው ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ይበዛብኛል። ሱቅሽን ዘግቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ልነግድበት ሞክሬ ነበር። ጨው ወይም ክብሪት ፈልጎ የመጣው ሁሉ ባንኮኒውን ተደግፎ ትንሽ ይቆይና፣ አንቺ ታወሪው የነበረው ወሬ ከእኔ ዘንድ እንደማይገኝ ሲገባው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። አንተ የምትናገረው ማኅተም ያረፈበትን ነገር ብቻ ነው ትይኝ ነበር። እውነትሽን ነው። አሁን ባንኮኒሽ ጠረጴዛዬ ሆኗል፤ ይህንንም የምጽፈው እሱ ላይ ነው። በጎቹን ሸጬ ጥቁሯን ብቻ አስቀርቻለሁ። ለጥቅም አይደለም፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ድምፅ የሚያሰማ አንድ ነገር በግቢው ይኑር ብዬ ነው። የእህትሽ ልጅ አልማዝ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሞላሌ ትመጣለች። ቤቱን ጠራርጋ፣ የሳምንት ወጤን ሠርታ፣ በመጨረሻው መኪና ትመለሳለች። ከዚያ እስከ ሌላው ቅዳሜ ስሜን የሚጠራ ሰው የማላገኝበት ቀን ይበዛል።

ሳንቲም ከገበያው እየጠፋ ነው። አምስትና አሥር ሳንቲም ቢወድቅ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣ የለም፤ ወጣቱ የሚከፍለው በስልኩ ነው። የቀረችው ሚዛን የተሳለባት አንድ ብር ናት፤ እሷም ለመኪና መልስ ካልሆነ ብዙ አትታይም። የአንቺ መሳቢያ በገበያ ቀን ሳንቲም ጢም ብሎ ይውል እንደነበር ለአልማዝ ስነግራት ተረት የማወራ ይመስላታል።

ከሁሉ የቀረብኝ የገበያ ቀን ከሰዓታችን ነው። ሰው ሲበተን፣ ገና ፀሐይ እያለች፣ መሳቢያውን አጎዛው ላይ ትገለብጪው ነበር። ሌላው ነጋዴ ዝርዝሩን በዋጋው ለይቶ ይነሣል። አንቺ ግን ሃያ አምስት ሳንቲሙን ስሙኒ ከሃምሳው ሽልንግ ለይተሽ ከጨረስሽ በኋላ ነበር ዋናው ሥራ የሚጀምርሽ። እያንዳንዱን በአውራ ጣትሽ ትዳብሺና ቤተኛ ያልሆነውን ታወጪዋለሽ። ሹፌሮች ይዘውት የመጡ የጅቡቲ ፍራንክ፣ ጣልያን ጥሎት የሄደ ፊቱ ያለቀ መዳብ፣ አንዴም ማተሚያው ስቶ አንበሳው ግማሽ ፊቱ ከዳር ውጭ የቀረበት አሥር ሳንቲም አገኘሽ። ለዚያኛው ‹ጎረቤት አጮላቂ› የሚል ስም አወጣሽለት። ሁሉንም በከረሜላ ቆርቆሮሽ ታጠራቅሚያቸው ነበር። እኔ የምፈለገው ለመጨረሻው ብቻ ነበር፤ ‹ይህን አንብብልኝ› ስትይ መነጽሬን አድርጌ ዓመተ ምሕረቱን አነብልሻለሁ።

በጣም የኮራሽበት ግን የአንበሳው ጢም ነው። ሁለት የደርግ ስሙኒዎች፣ በሁለቱም ላይ ወንድና ሴት እጃቸውን አንሥተው፣ በሁለቱም ላይ ያው ስልሳ ዘጠኝ ተጽፎ፣ በአንደኛው የአንበሳው የአገጭ ጢም የተስተካከለ ነው፤ በሌላኛው ግን ሁለት ዘለላ ረዝሞ ይወጣል። እኔ በመነጽር ያላየሁትን አንቺ የሳሙና መልስ ስትሰጪ አየሽው። ‹እነዚህን የሠራው አንድ እጅ አይደለም› አልሽኝ። እኔም ቁጥሩ አንድ እስከሆነ ድረስ ሳንቲሙም አንድ ነው ብዬ ዘጋሁልሽ።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይተሽ ስምሽን ትጽፊ ነበር። የግዕዙን ቁጥር ግን ያስተማረሽ የለም፤ እሱ የእኔ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ተገርፌ የተማርኩት ነውና እኮራበት ነበር። ቁጥር የቸገረው ሁሉ ወደ ጸሐፊው ይሂድ ይባልልኝ ነበር። ማንበብ ማለት ማወቅ ይመስለኝ ነበር፣ እትዬ።

አሁን ወደምፈራው ነገር እየደረስኩ ነው።

በተጋባን በሦስተኛው ሳምንት ማተብሽ ላይ ያለውን ስሙኒ አሳየሽኝ። የንጉሡ ዘመን ነው፤ በአንድ ወገን ጃንሆይ፣ በሌላው ዘውድ የደፋው አንበሳ፣ ዳሩ እየገባ እየወጣ የሚዞር፣ ሰው ጥርሳሙ የሚለው። አባትሽ በሰማንያ ቀንሽ ለክርስትናሽ ድግስ ጌሾና ቅመም ገዝተው ሲመለሱ ከመልሱ ውስጥ ገና የሚያብረቀርቅ አዲስ ሆኖ አገኙት። እናትሽም ቀዳዳ አስበጅተው አንገትሽ ላይ አሰሩልሽ። ዕድሜዬን የሚያውቅልኝ ከዚህ ሌላ የለም፣ እስቲ መቼ እንደተወለድኩ አንብብልኝ አልሽኝ። ወደ ብርሃኑ አዙሬ አነበብኩት። ፲፱፻፴፮ ይላል። እኔ የተወለድኩት በሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ አባቴ በዳዊታቸው ኅዳግ ላይ ጽፈውታል። ስለዚህ በሦስት ዓመት ትበልጪኛለሽ አልኩሽ።

ከእኔ በፊት አንድ ባል አግብተሽ የፈታሽ ስለነበርሽ ማንም አልተገረመም፤ እኔም አልተገረምኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጨዋታ ‹እትዬ› አልኩሽ። ጎረቤቱም ተቀበለኝ። አንቺም በሰው ፊት እየሳቅሽ ታላቅህን አክብር ትይኝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ የወንድሜ ሠርግ ላይ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለሽ ‹እባክህ ዛሬ እንኳ በስሜ ጥራኝ› አልሽኝ። እሺ ብዬሽ ረሳሁት። ምሳ ሲቀርብ ያንኑ ደግሜ ጠራሁሽ፤ ሰውም ሳቀ።

ልጅ አልበረከተልንም። ሁለት ጊዜ አስወረደሽ። ጠበሉን ሁሉ ዞርን። በመጨረሻ አንቺው የሱቅሽን ትርፍ አጠራቅመሽ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ካልሄድን አልሽኝ፤ ሄድን። ሐኪሙ ዕድሜሽን ሲጠይቅ ወደ እኔ ዞርሽ። እኔም በቁጥር እንደማይታማ ሰው ቀልጠፍ ብዬ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ በሠላሳ ስድስት የተወለደች አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። ዕድሜዋ ባይገፋ ወደ አዲስ አበባ እጽፍላችሁ ነበር፣ እዚያ የሚሞከር ነገር አለ፣ አሁን ግን ገንዘባችሁንም ልባችሁንም አታድክሙ ብሎ በቀስታ ነገረን። አንቺ አመሰገንሽው። እኔ ደግሞ ካርዱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ስንመለስ አውቶብሱ ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀመጥሽ። ረዳቱ ከሰጠሽ መልስ ውስጥ አንድ ስሙኒ ነበረበት፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ የሰው እጅ ያላደበዘዘው። ብዙ አገላበጥሽውና የስንት ዓመተ ምሕረት ነው አልሽኝ። ስልሳ ዘጠኝ አልኩሽ። ‹ስልሳ ዘጠኝማ ካለፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህ ግን ትናንት የተሠራ ነው። ቁጥሩ ሊዋሽ ይችላል እንዴ?› አልሽኝ። ደክሞኝ ነበር፤ አዝኜም ነበር። ባንክ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የወጣ ይሆናል አልኩሽና ዓይኔን ጨፈንኩ። መሐል ሜዳ ስንወርድ ስሙኒው ገና በመዳፍሽ ነበር። ስለ ልጅ ከዚያ ወዲያ አንሥተሽ አታውቂም። ነጠላሽን እንደ ባልቴት መከናነብ የጀመርሽውም ያኔ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ‹ይህን አንብብልኝ› ብለሽኝ እንደማታውቂ ያስተዋልኩት ደግሞ ገና አሁን ነው። ሳንቲሞቹን መለየት አላቆምሽም። ያቆምሽው እኔን መጠየቅ ነው።

ስትሞቺ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው ተባለ፤ ቁጥሩን የሰጠሁት እኔው ነኝ። ለቀስተኛው ሁሉ ዕድሜ ጠግባለች፣ በቃህ፣ አታብዛ እያለ አጽናናኝ። እኔም ጠግባለች እያልኩ ለቅሶዬን አሳጠርኩት። ገላሽን ያጠቡት ሴቶች ስሙኒውን ከአንገትሽ ፈትተው ሰጡኝና ከማተቤ ጋር አሰርኩት።

ባለፈው ወር ለዓይኔ ደብረ ብርሃን ደርሼ ስመለስ የሚኒባሱ ረዳት መልስ ብሎ ጥቂት አንድ ብሮች አስጨበጠኝ። ኪሴ ውስጥ እንደ ልማዴ በአውራ ጣቴ ስዳብሳቸው አንዱ ጥርስ አለው። ከየትኛው አሮጊት ሣጥን ወጥቶ በጥድፊያ ከአንድ ብሮቹ እንደተቀላቀለ እንጃ። ረዳቱንም አልጠየቅሁትም። በሌላው እጄ አንገቴ ሥር ያለውን ያንቺን ያዝኩት። ዓይኔ ደህና ቢሆን ኖሮ አውጥቼ ሠላሳ ስድስት ብዬ አንብቤ፣ አወቅሁት ብዬ ወደ ኪሴ በመለስኩት ነበር። ማንበብ ስላልቻልኩ ጣቴ ዳሩን ደጋግሞ ዞረው። ያን ጊዜ የልጅነት አፌ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆኜ ስሙኒ ጥርስ አልነበረውም። ዳሩ ለስላሳ ክብ ነበር። ቀጣፊዎች ነጭ እየቀቡ ሽልንግ ነው ብለው ይሰጡት ነበር። አባቴ ሞላሌ ገበያ በግ ሸጠው የተቀበሉት ሁለት ሽልንግ ዝናብ ሲነካው ነጩ ለቅቆ ቀይ መዳብ ሆኖ ቤት ገባ። ንዴታቸው ዛሬም ይታየኛል። ኋላ መንግሥት ለዚሁ ሲል ዳሩን ጥርሳም አድርጎ አወጣው። አባቴ አዲሱን ይዘው የመጡ ዕለት፣ ከእንግዲህ ዓይኔን ቢያስሩኝም አያታልሉኝም እያሉ እንድዳብሰው ሰጡኝ። እኔም ልጅ ነኝና ነከስኩት። ይነቃነቅ የነበረው የፊት ጥርሴ ወለቀ። ጥርሱን ጣሪያ ላይ ስወረውር፣ እናቴ ስታስቀኝ፣ አባቴ ሳንቲማቸውን ከደሜ ሲጠርጉ ሁሉ አስታውሳለሁ። ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነበር።

ጥርሳሙ ያን ጊዜ ገና መውጣቱ ነበር። የክርስትናሽ ዕለት ያንቺም አዲስ ነበር።

ቅዳሜ አልማዝ ስትመጣ ቆርቆሮሽን ከፍቼ፣ አንቺ አንድ ጊዜ ከመልስ መሐል ያወጣሽውን ክቡን የንጉሥ ስሙኒ፣ ረዳቱ የሰጠኝን ጥርሳምና ያንቺን ጥርሳም አሰለፍኩላት። የግዕዙን ቁጥር ማንበብ አታውቅም። የቁጥሮቹ ቅርጽ ይለያይ እንደሆነ ብቻ እይልኝ አልኳት። ‹አንድ ናቸው ጋሼ፣ የአክስቴ ለዝባለች እንጂ ሦስቱም አንድ ናቸው› አለችኝ። አየሽ፣ ንጉሡ አንዴ የጻፉትን ዓመት ዘመናቸውን ሙሉ ሳይለውጡ ነበር ያስመቱት። ደርግም በስልሳ ዘጠኙ እንዲሁ አደረገ። ሳንቲሙ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል፣ ቁጥሩ ግን ካለበት አይነቃነቅም። ይህን ለማወቅ የግዕዝ ቁጥር አያስፈልግም ነበር። አውቶብሱ ውስጥ አንቺ ያየሽውን ማየት ይበቃ ነበር።

ታላቄ አልነበርሽም። ጥርሳሙ የወጣው እኔ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነውና ቢያንስ በስድስት ዓመት ታንሺኝ ነበር። ሐኪሙ ፊት ስንቀመጥ ቢበዛ ሠላሳ ሦስት ዓመትሽ ነበር። አርባ ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በታች እትዬ አልልሽም።

ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን፣ ወይም የራሷ አፍ ይናገር ብዬ ትቼው አንቺ አላውቀውም ብትይ፣ ሐኪሙ ፊትሽን አይቶ ይጽፍልሽ ነበር እላለሁ። ይጻፍልን እንጂ ይሳካ እንደነበር አላውቅም። ይህንንም ራሴን ለማጽናናት እለዋለሁ፤ አያጽናናኝም። ቤቱ ውስጥ ቁጥር የሚያነብልኝ፣ ያለ ቅዳሜም የሚመጣ አንድ ሰው ይኖር ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ አስቤም ተነሥቼ በጓን ለማየት እወጣለሁ።

ደግሞ የምጠይቅሽ ነበረኝ። አውቀሽው ነበር? ቁጥሩ ይዋሻል ወይ ስትይኝ ስለ ስሙኒው ብቻ ነበር የጠየቅሽኝ፣ ወይስ ከአንገትሽ ላይ ያለውን አስበሽ ነበር? ያን ጊዜ ዓይኔን ባልጨፍን ኖሮ ቀጥለሽ ትነግሪኝ ነበር ይሆን? ቆርቆሮሽ ውስጥ ለምን እንደለየሽው ያልገባኝ አንድ አሥር ሳንቲም አለ። አልማዝም አየችው፣ እኔም ዳበስኩት፤ ከሌላው በምንም አይለይም። አንቺ ያየሽበትን ግን ያየ የለም። ከሰዓት ከሰዓት ባንኮኒው ላይ አውጥቼ አገላብጠዋለሁ፤ እስካሁን አልነገረኝም።

ለሁለተኛው ሙት ዓመትሽ የመቃብር ድንጋይ አዝዣለሁ። ጠራቢው የልደት ዓመት ካልሰጠኸኝ አልጨርስም ብሎ ሁለት ጊዜ ላከብኝ። አገሩ ሁሉ ሠላሳ ስድስት መሆኑን ያውቃል፤ እሱም ያውቃል፤ የሚገርመው ጸሐፊው ምን አስበው ዘገዩ የሚለው ነው። ያንኑ ባስጽፈው ማንም አይጠይቀኝም። ቁጥር የማይሳሳት ሰው ነበር ተብዬ እቀበራለሁ። ደግሞም እውነተኛውን እጽፋለሁ ብል እውነተኛውን አላውቀውም፤ የማውቀው የትኛው ውሸት እንደሆነ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትኩ። ስሜን ላድን ወይስ ቢያንስ ድንጋዩ ላይ አልዋሽብሽ? ነገሩ ይኸው ነበር፤ ለመወሰን ሦስት ሳምንት መፍጀቱም ያሳፍረኛል።

ትናንት በእግሬ ሄጄ የልደቱን ቦታ ባዶ ተወው አልኩት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ። የማላውቀውን የማውቅ መስዬ ዕድሜዋን ስለወሰድኩባት ነው አልኩት። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ ማንም እኮ አያውቅም አባቴ፣ ግማሽ ድንጋይ ይመስላል ብሎ ሊያግባባኝ ሞከረ። ግማሽ ይምሰል አልኩት።

በሙት ዓመትሽ ዕለት፣ ከጸሎቱ በኋላ ሰው ሳይበተን፣ ቆሜ ለሁሉም እናገራለሁ። ሰባ ዘጠኝ አልነበረችም፤ ሰባ እንኳ መሙላቷን እንጃ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ዕድሜ ጠግባለች ብለው ያጽናኑኝ ሰዎች ሌላ ማጽናኛ ይፈልጉልኝ። ያሳጠርኩትንም ለቅሶ እጨርሰዋለሁ፤ አሁን የሚከለክለኝ የለም። ጸሐፊው ቁጥር ተሳሳተ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ በዚያ ሠርግ ላይ አንቺ ላይ ስቀዋል፣ ተራው የእኔ ነው።

ተዋበች፣ ይቅርታሽን በደብዳቤ አልጠይቅሽም። አርባ ዓመት የሰው ይቅርታ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ እንዴት እንደሚያምር አውቃለሁና የራሴን አላምነውም። አንድ ነገር ብቻ ቃል እገባልሻለሁ። እስክመጣ ድረስ አልረሳሽም። ሳስታውስሽ ግን ያስቀበርኳትን የሰባ ዘጠኝ ዓመት አሮጊት አድርጌ አይደለም፤ እሷን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። የማስታውሰው አውቶብሱ መስኮት ዳር የተቀመጠችውን፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሆናትን፣ ገና ጊዜ የነበራትን ሴት ነው።